ትዝታንና ባቲን አንድ ላይ የሰፋሁበት በጋ

ይህን የሚያነብ ሰው ከማን ጋር እንደተቀመጠ አስቀድሞ ይወቅ። በአሰላ ገበያ ዳር፣ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ሱቆች ገና ጥቂት በነበሩበት ዘመን፣ ከልብስ ሰፊዎች ሁሉ የላቅሁት እኔ ነበርሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ሌሎቹ ሰፊዎችም ያውቁት ነበር፤ አፋቸውን ሞልተው አይናገሩትም እንጂ። ሰው ከመንገዱ ማዶ ሲያልፍ አይቼ የወገቡን ልክ እናገራለሁ፤ ሜትር የማወጣው ደንበኛው ቅር እንዳይለው ብቻ ነበር። የወረዳው ጸሐፊ ካፖርት፣ ከሲሬ በፈረስ ይመጡ የነበሩት ባላባት ካባ፣ በዚያ አካባቢ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው የለበሰው ሁሉ በእኔ መርፌ ያለፈ ነው።

ስፌትን ያስተማረኝ የለም። አንድ አሮጌ የወታደር ኮት አግኝቼ ስፌቱን ሁሉ ተረተርሁት፤ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ ከዚያ መልሼ ሰፋሁት። መጀመሪያ እጅጌዎቹ ወደ ኋላ ዞሩ። ፈታሁት። ቀጥሎ ኪሶቹ በውስጥ በኩል ቀሩ። ፈታሁት። በሦስተኛው ኮት ሆነ፤ ለብሼው በገበያው መሀል ስሄድ ሰዎች አዲስ ሹም የመጣ መስሏቸው ከመንገድ ዘወር አሉልኝ። ንባብንም የያዝሁት እንዲሁ ነው፤ በስኳር ጆንያና በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ፊደል አንድ በአንድ እየፈታሁ። ኦሮምኛዬን ደግሞ ከደንበኞቼ ጋር እየተከራከርሁ አጠራሁት። እንግዲህ ቫዮሊን የሚባለው ነገር እጄ ሲገባ ሊያሸንፈኝ እንደማይችል ከጅምሩ ግልጽ ነበር። ለእኔ ግልጽ ነበር ማለቴ ነው።

ቫዮሊኑ የጎሚስታው ነበር። ጎሚስታው ጣሊያን ነው፤ ጦርነቱ አልቆ የአገሩ ሰዎች ሲወጡ እሱ አሰላ ቀረና ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት፣ ዋናው መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፍ ነበር። ከኢተያ ስንዴ፣ ከአቦምሳ ከብት የጫነ መኪና ሁሉ ከእሱ ደጅ ሳይቆም አያልፍም። ሰውነቱ እንደ ጎማው ክብ ነው፤ ሱሪውን በየዓመቱ የማሰፋለት እኔ ስለሆንሁ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። አማርኛውን ከሾፌሮች ስለተማረ ስድቡ ከሰላምታው ይጠራ ነበር። በሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከጎማ ከመነዳሪዎቹ መካከል፣ ያ ቫዮሊን ተሰቅሏል። ሥራ ሲቀዘቅዝ አውርዶ ይጫወታል። እኔም የስፌት መኪናዬን እየረገጥሁ እሰማለሁ፤ እግሬ ሳላዘው ከሙዚቃው ጋር ይፈጥናል፣ ከሙዚቃው ጋር ይዘገያል። በዚያ ሰሞን የሰፋሁት ልብስ ስፌቱ አንዱ ጋ ጥቅጥቅ፣ አንዱ ጋ ሳሳ ያለ ነው። ደንበኞቼ አዲስ ፋሽን መሰላቸው።

ስንዴ በሚታጨድበት በኅዳር ወር አንድ ጠዋት ጎሚስታው ሱሪውን በክንዱ ላይ ጥሎ መንገዱን ተሻገረ።

«ይህን አጥብበው» አለኝ። «አገሬ ልገባ ነው። እህቴ ከስቼ እንድታየኝ እፈልጋለሁ።»

«ሲኞር፣ ሱሪው ስለጠበበ እርስዎ አይከሱም።»

«አጥብበው ብያለሁ!»

ሱሪውን ተቀበልሁት፤ ዓይኔ ግን በትከሻው በላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ነበር። «ቫዮሊኑስ?» አልሁት።

«ናዝሬት ያለ አንድ የሆቴል ባለቤት ስጠኝ ብሎኛል። ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው። ከጎኑ አምፖል ያበራበታል አሉ።» ፊቱን አጨማደደ። «ግድግዳማ እኔስ መች አጣሁ! የሚጫወተው ሰው ባገኝ ኖሮ…»

«አግኝተዋል።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «አንተ? ይዘኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ግን እችላለሁ።»

ጎሚስታው ጎማ ሲፈነዳ እንደሚስቀው ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን አቁሞ ጣቶቼን ያዘና እንደ በቅሎ ገዢ አገላብጦ አያቸው። ጣቶቼ ሲታዩ ያምራሉ፤ ዛሬም ያምራሉ። «እሺ» አለ። «በእኛ አገር ጀማሪ መጀመሪያ መሰላል ነው የሚወጣ። አንድ ማጆሬ፣ አንድ ሚኖሬ። ማጆሬ ደስ ያለው ነው፤ ሚኖሬ ያዘነው። ከታች ወደ ላይ ትወጣለህ፣ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለህ። ሁለቱንም ሳትስት ከተጫወትክ ቫዮሊኑ ያንተ ነው። ከሳትክ ለግድግዳው።»

«እስከ መቼ?»

«ከጥምቀት በኋላ የሆቴሉ ሰውዬ መኪና ይልክልኛል። ዕቃዬንም እኔንም ቫዮሊኑንም ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ፣ ቀን ቀን ከበረንዳህ ሆነህ ተለማመድ፤ ሲመሽ ትመልሳለህ። ቀስ አድርጌ ላስተምርህ?»

«ማስተማር አያስፈልግም። አንዴ ይጫወቱልኝ፤ ይበቃኛል።»

ቫዮሊኑን አወረደ፤ ማጆሬውን ወጣበት፣ ወረደበት። ሚኖሬውንም እንዲሁ። እጄን አጣምሬ ሰማሁ። የማጆሬው መጀመሪያ ልክ እንደተተኮሰ ካኪ ቀጥ ያለ ነው። ወደ መሀሉ ሲደርስ ግን ጣቱ ሳት አለች፤ ከትክክለኛው ቦታ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቆመች። ቀጠለ፣ ተስተካከለ፤ ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል እንደገና ሳተ። ሲወርድም በእነዚያው ቦታዎች ሳተ። አሳዘነኝ። ዕድሜ ነው፤ ጣቶቹም ሲጎትቱ የኖሩት ብረት ነው። ሽማግሌን ደግሞ ስሕተቱን ፊት ለፊት አይነግሩትም። በሆዴ ያዝሁትና እኔ ስጫወተው አስተካክዬ እጫወተዋለሁ አልሁ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አላስውባቸውም። ቫዮሊኑን እንደ ማሲንቆ ጭኔ ላይ አቁሜ ስገዘግዘው ጎሚስታው ከመንገዱ ማዶ ብረቱን እያወዛወዘ «አገጭ! አገጭ!» ብሎ ጮኸ። አገጬ ሥር ሳደርገው እንጨቱ አጥንቴን ወጋኝ። ወዲያው ለወረዳው ጸሐፊ ካፖርት ያዘጋጀሁትን የትከሻ ማበጫ ጥጥ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁትና ችግሩ ቀረ። ጸሐፊው ካፖርቱን የለበሰው አንዱ ትከሻው ዝቅ ብሎ ነው፤ ሲሄድ ጎበዝ ተኳሽ አስመሰለው፤ ወደደው።

ከጎኔ ያለው ሱቅ ስኳርና ጨው የሚሸጡት የሀጂ ነበር። ሀጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ግን የእኔን መቀስ ያስንቃል።

«ሰፊው!» አሉኝ ከሚዛናቸው ቀና ብለው። «ያ የያዝከው ድመት ምን በደለህ?»

«ሀጂ፣ ይህ ሙዚቃ ነው።»

«ሙዚቃ ነው? ወላሂ እኔ ያ የጣሊያኑ ፓምፕ አየር የሚያስወጣ መስሎኝ ነበር።»

ከጭላሎ ሥር ማር ይዘው የሚመጡ አንድ ደንበኛዬ «አካም ጅርታ» ብለው ገና ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ደጋኑን ሳብ ሳደርገው በቅሏቸው ገመዷን በጥሳ በገበያው መሀል ጠፋች። እሳቸው በቅሎዋን ሲያባርሩ፣ የገበያው ሰው እሳቸውን ሲረዳ፣ ሀጂ ሲስቁ ቀኑ አለፈ። እኔ ግን መጫወቴን አላቋረጥሁም። በቅሎ የሙዚቃ ዳኛ አይደለችም።

ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ግን ድምፆቼ ጠሩ። አምስት ድምፅ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እንደተደረደረ የወርቅ ቁልፍ። የሀጂ እጅ ስኳሩን የሚሰፍረው በእኔ ልክ ሆነ። እንጨት ተሸካሚዎች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ትከሻቸውን ይነቀንቁልኛል። አንዲት ቅቤ ሻጭ እንዲያውም እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ደስታዬ ከበረንዳው በላይ ሆነ፤ የሰፋሁትን ቁልፍ ሁሉ በአምስት በአምስት ቆጥሬ ሰፋሁ። የስድስት ቁልፍ ኮት ያዘዙ ሰዎች አምስት ቁልፍ አገኙ።

ታኅሣሥ ላይ የጠበበውን ሱሪ በአንድ እጄ፣ ቫዮሊኑን በሌላው ይዤ መንገዱን ተሻገርሁ። ጎሚስታው ሱሪውን ለበሰ፤ ትንፋሹን ውጦ ቆለፈው፤ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ተጫወትሁለት። እንዲያ አድርጌ ተጫውቼ አላውቅም። ደጋኑን ዝቅ አድርጌ ምስጋናዬን ጠበቅሁ።

«ሌሎቹስ?» አለ።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«አምስት ተጫወትክ። ሰባት ናቸው፤ ስምንተኛው የመጀመሪያው ራሱ ነው፣ ከፍ ብሎ።»

ከእንግዲህ መደበቅ አልተቻለም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሲኞር፣ ላሳፍርዎት ፈልጌ አይደለም» አልሁት። «ያን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ጣትዎ ስታ ነበር። እኔ አስተካክዬልዎታለሁ።»

ከሆዱ ሥር አንድ ነገር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወደ ላይ ወጣ፤ ሳቅ ሆነ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከመቀመጫው ሊንሸራተት ሲል አንድ ነገር ጧ! አለ፤ ሱሪው ነው። ስፌቴ አልተተረተረም፤ ከስፌቱ ጎን ያለው ጨርቅ ነው የተቀደደው። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

«ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ!» አለ በጣቶቹ እየቆጠረ። «አንተ ፋንና ሲን ዘለልካቸው። የአገሬ ሰው ሁሉ ተሳስቶ አንተ ብቻ ልክ ነህ?»

«የአገርዎን አላውቅም። እዚህ ግን ያለ እነሱም ሞልቷል።»

«ለአንተ ሞልቷል። እኔ ከመሰላሌ ሁለት እንጨት ወልቆ ነው የማየው፤ በእሱ ብወጣ ወድቄ እሞታለሁ።» እንባውን በጓንቱ ጠረገና ፊቱ ላይ የጎማ ጥላሸት ቀባ። «ቀኑን አልቀይርም። ከጥምቀት በኋላ፣ መኪናው ደጄ ሲቆም። ሰባቱን ካልሰማሁ ለግድግዳው።»

እንግዲህ ሁለት ድምፅ ማስገባት ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። ሞክሩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብዬ እወጣለሁ፤ ጣቴ ሳላዘው በፋ ላይ ዘላ ሶል ላይ ታርፋለች። ጣቴን በግድ ፋ ላይ ሳስቀምጣት ጆሮዬ ግራ ይገባዋል፤ ልታነጥስ ብለህ አፍህን ከፍተህ እንደቀረህ ዓይነት ስሜት ነው። ሲ ደግሞ የባሰች ነች፤ አንድ እግርን ደፉ ላይ አንሥቶ ሳያሳርፉ መቆም ማለት ነው።

ቸግሮኝ ሳይሆን ለማጣራት ያህል ሀጂን ጠየቅኋቸው። «ሀጂ፣ እስቲ ከእኔ ጋር ይበሉ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ…»

«ዶ፣ ሬ፣ ሚ» አሉ ስኳር እየሰፈሩ፤ ቀጥለውም ቁልጭ ባለ ድምፅ ሶልን መቱ።

«ፋን ዘለሉ!»

«የቱን?»

«በመካከል ያለችውን።»

«በመካከል ምንም የለም፤ አየሁ እኮ!»

ስኳር የምትገዛ ሴት ሞከረች፤ ዘለለች። ተሸካሚው ሞከረ፤ ዘለለ። ቅቤ ሻጯ «ይህማ ቀላል ነው» ብላ ጉሮሮዋን ጠርጋ ከሚ ወደ ሶል እንደ ፍየል ዘለለች። ገበያው ሁሉ በረንዳዬ ላይ ተሰብስቦ ዶ ሬ ሚ እያለ ይዘል ጀመር፤ አንዱ የዘለለውን ሌላው ያርማል፣ አራሚውም ራሱ ይዘላል። ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታው ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጎማዎቹ መካከል ገባ። እኔም በዚያ መሀል ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ጥፋቱ የጣቴ አልነበረም። አሰላ በሙሉ በዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳ መድፈን ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። በምን እንደምደፍነው ግን አላወቅሁም፤ ጥምቀት እየቀረበ ነበር።

ከገና በኋላ ሠርግ ሲጀመር ኢተያ ላይ ተጠራሁ። የሙሽራውን ሱፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሙሽራው ከሱፉ ያነሰ ቆንጆ ነበር። ዳሱ ውስጥ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። እስከዚያ ቀን አዝማሪን በጆሮዬ ነበር የምሰማው፤ ያን ቀን ግን በዓይኔ ሰማሁት።

በትዝታ ቅኝት ጀመረ። ጣቶቹን እንደ ሰፊ አየኋቸው፤ በአንዲቷ ክር ላይ የት የት እንደሚረግጡ፣ በየረገጡበት መካከል ምን ያህል ጨርቅ እንደሚተዉ። ያንኑ የእኔን አምስት ድምፅ ነበር የሚረግጡት። በመሀለኛው ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ትንሿ ጣቱም ብዙ ሳትርቅ ትቆማለች፤ ከእሷ በላይ ሌላ ባዶ ቦታ አለ። የእኔ ሁለት ቀዳዳዎች! ቁጭ ብለው!

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይብቃን ትዝታ፣ ባቲ አምጣ!» አሉ።

አዝማሪው ራሱን ነቀነቀ፤ ክሩን ሳይነካ እጁን ብቻ ለወጠ። ባቲ ብሎ ሲጀምር አንዲት ጣቱ ወርዳ ልክ በዚያ በመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ትንሿ ጣቱም ተዘርግታ ልክ በሁለተኛው ባዶ ቦታ ላይ፣ ከጫፉ ሥር፣ ተለጠፈች። ፋ! ሲ! እነዚያ ጆሮዬ እንግዳ ያደረጋቸው ድምፆች ከሕፃንነቴ ጀምሮ በባቲ ውስጥ ሲጨፍሩ ስሰማቸው ኖሬያለሁ። ትዝታ የቁልፍ ቀዳዳውን ትቶ ያልፋል፣ ባቲ ቁልፉን ይዞ ይመጣል! በአንድ ልብስ ላይ ሰፍቶ ያያቸው ስለሌለ እንጂ!

«አገኘሁት!» ብዬ ተነሣሁ።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሙሽራው አጎት ደንግጠው «ምን አገኘህ? ሱሪው ተቀዷል እንዴ?» አሉ። እንግዳው ሁሉ ወደ ሙሽራው ሱሪ አፈጠጠ፤ ሙሽራው ሁለት እጁን ወደ ኋላው ላከ።

«ሱሪውስ ደህና ነው! ፋን ነው ያገኘኋት!»

«ማን ናት?» አለች የሙሽራዋ ሚዜ።

አዝማሪው ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አሳርፎ «ወንድሜ፣ ጣቶቼን እንዲህ ካየሃቸው ይዘሃቸው ልትሄድ ነው» አለኝ፤ ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ተሳስቷል አልለውም። ይዣቸው ነው የሄድሁት። ሥጋው ሳይቀርብ ተነሥቼ ወደ አሰላ በሚወጣ የስንዴ መኪና ጆንያ ላይ ወጣሁ። ግራ ክንዴን የቫዮሊን አንገት አድርጌ፣ በቀኝ ጣቶቼ እየረገጥሁ፣ ትዝታንና ባቲን በየተራ እያንጎራጎርሁ መጣሁ። ሾፌሩ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ «ከላይ ያለኸው፣ ጠጥተህ እንዳትወድቅ!» ሲለኝ «አንድም ጠብታ አልቀመስሁም!» አልሁት። እውነቴን ነበር፤ ግን ማንም ቢያየኝ አያምነኝም።

በማግስቱ ያደረግሁትን አንብቡና ተደነቁ። እንደዚያ ወታደር ኮት ሁለቱንም ቅኝት ፈታኋቸው። ከትዝታ ዶን፣ ሬን፣ ሚን ወሰድሁ። ከባቲ ፋን አመጣሁና ከሚ ጎን ጥብቅ አድርጌ ሰፋኋት፤ በሁለቱ መካከል ጥፍር እንኳ አይገባም። ሶል በሁለቱም ውስጥ ስላለች እሷ የጋራ ስፌት ናት። ላን ከትዝታ። ሲን ከባቲ፣ ከጫፉ ዶ ሥር ጥብቅ አድርጌ። ስወጣ ቅኝቱን በሆዴ እለዋውጣለሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ ትዝታ፣ ባቲ፤ ጣቴ መዝለሏን ረሳች። ሰባቱ ድምፆች እየተግተለተሉ ሲወጡ እኔ ራሴ ጮህሁ።

ሚኖሬውስ? ሚኖሬውማ ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት አለቀ። ትዝታም ባቲም ፊታቸው የበራ አላቸው፣ ፊታቸውን ያጠቆሩ አላቸው፤ ይህን ማንም ጆሮ ያለው ያውቃል። ያጠቆረውን ትዝታ ካጠቆረው ባቲ ጋር ሰፋሁት። ጠባቦቹ ስፌቶች ቦታቸውን ለወጡ እንጂ ልብሱ ያው ልብስ ነው፤ ደስ ያለው ሰውዬ ገበሩን ገልብጦ ለብሶ ሐዘን ቤት ሲሄድ ማለት ነው።

«ሀጂ» አልሁ፣ «በባቲ ያንጎራጉሩ፤ ስጮህ ያቁሙ።» ጀመሩ። ፋ ላይ ሲደርሱ «ይያዟት!» ብዬ ጮህሁ። ሀጂ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ ማንኪያቸውን እንዳነሡ ቆሙ፤ ፋን ይዘው። ቀስ ብለው ወደ ሚ ወረዱ፣ ተመልሰው ወደ ፋ ወጡ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«አጃኢብ ነው! እዚህ ነበረች?»

«እዚሁ ነበረች፣ ሀጂ።»

«ይህን ያህል ዘመን ከስኳሩ ጋር ስሰፍራት ኖሬ!» አሉና ያን ቀን ለገዛቸው ሁሉ ሚዛን አሳልፈው ሰፈሩ።

የናዝሬቱ መኪና የመጣው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሾፌሩ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ችኩል፣ ከንፈሩ ላይ ሲጋራ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ነበር። የጎሚስታው አልጋና ሣጥኖች ተጭነዋል። ሱቁ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ «ቫዮሊኑን አምጡና እንሂድ፤ ሞተሩ ሞቋል» አለ። ጎሚስታው ያን የተቀደደ ሱሪ ለብሶ ነበር፤ የጣፍሁት እኔ ነኝ፤ የት እንደተጣፈ ፈልጎ የሚያገኝ ቢኖር ይምጣ። ቫዮሊኑን ለሾፌሩ አልሰጠውም። ለእኔ አቀበለኝ።

«መሰላሉ» አለ።

ሀጂ ሱቃቸውን ትተው ወጥተዋል። ቅቤ ሻጯ፣ ተሸካሚዎቹ፣ በቅሏቸውን ሁለት ጊዜ ያሰሩት የማር ደንበኛዬ፣ ሁሉም መንገዱ ላይ ቆመዋል። ጥጤን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ቫዮሊኑን አገጬ ሥር ያዝሁ።

ማጆሬውን ጀመርሁ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ። ገበያው ትንፋሹን ያዘ። ፋ! ሀጂ እጃቸውን ጨብጠው «ገባች!» አሉ። ሶል፣ ላ። ሲ ላይ ደጋኑን ትንሽ አቆየሁት፤ እግሩን ደፍ ላይ እንዳነሣ ሰው ሁሉም በአንድ እግሩ ቆመ። ዶ! ሁሉም እግሩን አሳረፈ። እየወረድሁ መጣሁ፤ አንድም አልዘለልሁም። ወዲያው ሚኖሬውን ቀጠልሁ፤ ቅቤ ሻጯ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ገና አንድ እንባ ሳይወርድ ደርሼ ተመለስሁ።

ጎሚስታው መጥቶ ፊቴን በሁለት ጥላሸታም እጁ ያዘና ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ «ማን አስተማረህ?» አለ።

«ራሴ።»

«ውሸታም!»

«ትዝታና ባቲ፣ ሲኞር። እኔ የሰፋኋቸው ብቻ ነኝ።»

ሾፌሩ ሲጋራውን ጥሎ «እሺ፣ እኔ ለጋሼ ምን ልበላቸው?» አለ። «ግድግዳውን ቀለም አስቀብተው ነው የሚጠብቁት!»

«ጎማ ስቀልበት በለው» አለ ጎሚስታውና የማይረባ አንድ ትልቅ ጎማ አንሥቶ ሣጥኖቹ ላይ ወረወረለት። «አምፖሉን ከጎኑ ያብራ።»

ጎሚስታው ወደ ጋቢናው ሲወጣ ሱሪው በድጋሚ ጧ ይል ይሆን ብዬ ሰማሁ፤ አላለም።

አሁን ያደረግሁትን ልዘርዝር፤ ሰው ራሱ ካልዘረዘረ ማን ይዘረዝርለታል፦

ሁለት ቅኝት ፈትቼ አንድ መሰላል ሰፍቻለሁ፤ ከእኔ በፊት በአሰላ ይህን ያደረገ አልሰማሁም፣ ከእኔ በኋላም ያደረገ ካለ ከእኔ ሰምቶ ነው።

ቫዮሊንን ከግድግዳ አስጥያለሁ።

የገበያውን ሰው ፋን አስይዣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በእኔ በረንዳ በኩል የሚያልፍ ተሸካሚ ሰባቱን ሳይዘል እያንጎራጎረ ያልፍ ነበር።

በሲሬ፣ በኢተያና በአቦምሳ ሠርግ ላይ ቫዮሊን ተጫውቻለሁ፤ ሱፉንም የሰፋሁት እኔ፣ ሙዚቃውንም ያመጣሁት እኔ በሆንሁበት ሠርግ ሙሽራው ሁለተኛ ሰው ሆኖ ነው የሚያመሸው።

ያችን የማር በቅሎ በመጨረሻ አስለምጃታለሁ፤ ማጆሬ ስጀምር ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች፤ ሚኖሬ ላይ አንዳንድ ጊዜ ታኮርፋለች።

ኮት ላዘዙኝ ሰዎች ስድስተኛውን ቁልፍ መልሻለሁ፤ ሰባተኛም ጨምሬአለሁ።

ደግሞም ያን ቀን መኪናው ተነሥቶ ወደ ናዝሬት ቁልቁል ሲወርድ፣ ጎሚስታው ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ኮፍያውን ሲያውለበልብ፣ እኔ መንገዱ መሀል ቆሜ፣ ቫዮሊኔን አገጬ ሥር ይዤ፣ ኮረብታውን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ማጆሬውን ወጣሁለት፣ ወረድሁለት፣ ደግሜ ወጣሁለት። አንድም አልዘለልሁም።